ለጠፈርተኛው መርዶ አይነገርም

ሰው ጨረቃን ረገጠ የተባለው በ1961 ዓ.ም. ሐምሌ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነቀምቴ በጭቃና በጉም ተውጣ በነበረችበት ሰሞን ነው። ወሬውን በሬዲዮ የሰማ ለጎረቤቱ አወራ፤ ጎረቤቱ አላመነም። መስከረም ሲጠባ ተማሪው ሁሉ ጥያቄውን አንጠልጥሎ የመጣው ወደ ጂኦግራፊ መምህሩ ወደ ዋቅወያ ነበር። ዋቅወያ ያን ጊዜ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ቢላ የምትባል የወለጋ መንደር ልጅ፣ ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ክፍል ውስጥ አለንጋ ይዞ የማያውቅ ሰው። ስለ ጨረቃ የሚያውቀውን በሁለት ክፍለ ጊዜ ጨረሰ። ተማሪዎቹ ግን አልጠገቡም።

«ጋሼ፣ ከጨረቃ ወዲያስ? እስከ ኮከቦቹ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ብዙ ነው። ልጅ ሆኖ የተነሣ ሸምግሎ ነው የሚመለሰው።»

«እንግዲያው ልጆች ናቸው የሚላኩት ማለት ነዋ!» አለች የሺአረግ የምትባል፣ ከፊት ወንበር የማትጠፋ የጎጃሜ ቄስ ልጅ።

ዋቅወያ ስቆ ወደ ካርታው ዞረ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዝቶ ቤቱ ገባና መጻፍ ጀመረ።

ታሪኩ የአራት ወጣቶች ነው። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ተመርጠው በመንኮራኩር ወደ አንዲት ኮከብ ይላካሉ፤ መሄጃው አሥር ዓመት፣ መመለሻው አሥር ዓመት። ዋቅወያ የጻፈውን ዓርብ ዓርብ በመጨረሻዋ ክፍለ ጊዜ ያነብላቸው ጀመር። ከመንኮራኩሯ ጋር የሚነጋገረው የሬዲዮ ጣቢያ እዚያው ነቀምቴ አጠገብ ባለችው በትንሿ ጉቴ፣ ኮረብታ ላይ እንደተሠራ ሲያነብ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ጉቴ! ጋሼ፣ ጉቴ መብራት እንኳ የላትም እኮ!»

«እነዚህ ልጆች በሚሄዱበት ዘመን ይኖራታል።»

«የጉቴ ሰው ሬዲዮውን ለገበያ ያወጣዋል እንጂ!» አለ ታፋ፣ የክፍሉ አለቃ። እሱ ራሱ የጉቴ ልጅ ስለነበር ሳቁ እጥፍ ሆነ።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። በታሪኩ ውስጥ የመጀመሪያው ዓመት በዘፈንና በጨዋታ አለፈ። በሁለተኛው ዓመት ቀልዱ ሁሉ አለቀባቸው፤ አንዱ አፉን ገና ሲከፍት ሌሎቹ ምን ሊል እንደሆነ ያውቃሉ። በሦስተኛው አንዱ ሌላው ሲያላምጥ መስማቱን መታገሥ አቃተው። ብርቄ የምትባለዋ የልብሷን ጠርዝ ትተረትርና መልሳ ትሰፋለች፤ ሰፍታ ስትጨርስ እንደገና ትተረትራለች። አዛዡ እንቅልፍ እምቢ ብሎት የመንኮራኩሯን ብሎኖች ይቆጥራል፤ ሁልጊዜም አንድ ይጎድልበታል። አራተኛው ከማንም ጋር መነጋገር ትቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ደህና የነበረው ከሁሉ የሚያንሰው ለሊሳ ብቻ ነው። በየወሩ ከጉቴ ጣቢያ የእናቱ ቃል ይነበብለታል። ምን በላህ ትለዋለች፤ ላሟ ሴት ጥጃ ወለደች ትለዋለች። በዚያች ቃል ወሩን ይገፋል።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አቶ መሸሻ፣ ሸዌው፣ አንድ ቀን ቢሮ አስጠሩት።

«አቶ ዋቅወያ፣ በሥርዓተ ትምህርቱ ጨረቃ አለች፤ እሱን አልከለከልኩም። አንተ ግን ጨረቃንም አልፈህ ሄደሃል አሉ።»

«ዓርብ የመጨረሻዋ ክፍለ ጊዜ ብቻ ናት ጌታዬ።»

«ይሁን። ብቻ ልጆቹን በሰላም መልስልኝ። የእኔዋም ከክፍሉ ውስጥ ናት፤ ዓርብ ዓርብ እራቷን አትበላም።»

ዋቅወያ በሰላም እመልሳቸዋለሁ አላለም። ታሪኩን ከየት እንዳመጣው ያውቅ ነበርና።

ታናሽ ወንድሙ ኢዶሳ በ1957 ዓ.ም.፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ የመንገድ ምሕንድስና ሊማር ጀርመን አገር ሄዷል። ስድስት ዓመት የሚፈጅ ትምህርት ነው፤ እስኪያልቅ ድረስ ወደ አገር መመለሻ የለም። እናታቸው፣ ልጆቿ አዮ የሚሏት፣ ቢላ ትኖር ነበር። ፊደል አልቆጠረችም። ዋቅወያ በየወሩ ቢላ እየሄደ ከአጠገቧ ይቀመጥና እሷ በኦሮምኛ ስትናገር እሱ በአማርኛ ይጽፋል፤ ሁለቱንም ትምህርት ቤት ያስለመዳቸው በአማርኛ መጻፍ ነበር። ስለዚህ አዮ በወረቀት ላይ ስትናገር ድሮም በዋቅወያ አማርኛ ነው የምትናገረው።

በ1960 ዓ.ም. ነሐሴ አዮ ሦስት ቀን ታማ ሞተች። በቀብሯ ማግስት ወንድሟ፣ ልጆቹ ኤሱማ ደረሳ የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ለቀስተኛው በተቀመጠበት ተነሡ።

«ለዚያ ልጅ ማንም እንዳይጽፍለት» አሉ። «መርዶ በወረቀት ይነገራል? ሰው እናትህ ሞተች ሲባል ይወድቃል፤ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው ያስፈልጋል። እዚያ በረዶ ላይ ቢወድቅ ማን ያነሣዋል? ሲመጣ ተሰብስበን እንነግረዋለን።»

«ገና ሦስት ዓመት ቀርቶታል እኮ ኤሱማ» አለ ዋቅወያ።

«ሦስቱን ዓመት በሰላም ይደር።»

«ስለ እሷ ሲጠይቀኝስ?»

«ደህና ናት በለው። ድሮስ የምትጽፈው አንተ አይደለህ?»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ማንም ከሩቅ ላለ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ዋቅወያም ለጎረቤትና ለዘመድ ስንት ጊዜ አድርጎታል። የመጀመሪያዋን ደብዳቤ ሲጽፍ እንባው ቀለሙን አበላሽቶበት ሁለት ጊዜ ገለበጣት። ሦስተኛዋን ሲጽፍ አላለቀሰም። ከዚያ በኋላ ደግሞ፣ ለማንም ባይናገረውም፣ ደብዳቤ የሚጽፍበትን ቀን መናፈቅ ጀመረ። ለአንድ ሰዓት ያህል አዮ አጠገቡ ተቀምጣ ትናገራለች፤ እሱ ይጽፋል።

ታኅሣሥ ላይ በደብተሩ ውስጥ የለሊሳ እናት ሞተች። ዋቅወያ ያንን ካነበበ በኋላ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ክፍሉን ጠየቀ።

«አሁን የጉቴ ጣቢያ ምን ያድርግ? ይንገረው ወይስ አይንገረው?»

«አይነገረውም!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

«መርዶ በሬዲዮ የት አገር ነው የሚነገረው?» አለ ታፋ ተነሥቶ። «ማንስ ሊያባብለው ነው? ሦስቱም አብደዋል!»

«ሲመለስ ጉቴ ድንኳን ተክለን እንነግረዋለን!»

«አንተ ድንኳኑን፣ እኔ ንፍሮውን!»

ሲስቁ ዋቅወያም አብሯቸው ሳቀ። አርባ ልጆች ተሰብስበው በነፃ ያሰናበቱት ያህል ተሰማው። ታሪኩንም እንደፈረዱት ጻፈው፤ የጉቴ ጣቢያ ሠራተኛ በየወሩ የእናትየዋን ቃል ራሱ እየፈጠረ ይልካል፣ ለሊሳም ደስ ብሎት ይሰማል።

ሦስት ዓርብ እንዲህ አለፈ። በአራተኛው የሺአረግ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ የለሊሳ እናት አይታመሙም እንዴ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ከሞቱ ወዲህ አንድ ቀን አልታመሙም። ከጎረቤትም አልተጣሉም። የእኔ እናት በሳምንት ሁለት ቀን ራሷን በሻሽ ታስራለች። እኔ ለሊሳን ብሆን በዚህ ነበር የማውቀው።»

ክፍሉ በእናቷ ሻሽ ሳቀ። ዋቅወያ አልሳቀም። ደወሉ ሳይደወል አሰናበታቸውና ወደ ቤቱ ሄደ።

አዮን ጉልበቷን ያላመማት ወር አልነበረም። በሕይወት ሳለች የጻፈላት ደብዳቤ ሁሉ የሚጀምረው በጉልበቷ ነው፤ አንዳንዴ ጉልበቷ ገጹን ይጨርሰዋል። ከሞተች ወዲህ ግን ዋቅወያ አንድ ቀን እንኳ አላሳመማትም። ሊያሳምማት ፈርቶ ነበር። ታመመች ብሎ ከጻፈ እጁ የቀረውንም ጽፎ የሚጨርስ መስሎት ነበር። እዚያው ተቀምጦ የወሩን ደብዳቤ ጻፈ። «ጉልበቴን ሰሞኑን እያመመኝ ነው፤ ብርዱ ነው። አንተ ግን አትጨነቅ» አስባላት። ሰኞ ፖስታ ቤት ወሰደው።

መልሱ የደረሰው በየካቲት መጨረሻ ነው። እህታቸው ድርቤ፣ ነቀምቴ ገበያ ቅቤ የምትሸጠዋ፣ እንዲያነብላት መጣች።

«የአዮን ጉልበት እንዳመማት ሰምቼ በጣም ደስ ብሎኛል» ይላል የደብዳቤው መጀመሪያ። ቀጥሎ ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ አዮ ነው፤ ምን እንድትቀባ፣ ማን ውሃ እንዲቀዳላት፣ ቤቷ በር ላይ ያለው ድንጋይ እንዲነሣላት።

«ፈረንጅ አገር ሰው ሲያመው ደስ ይላል እንዴ?» አለች ድርቤ እየሳቀች። ቀጥላ የሳቋን ያህል አለቀሰች። «እባክህ ንገረው፣ ወንድሜ። ይኸው ድንጋይ አንሡላት እያለ ነው።»

ዋቅወያ ሰኔ ላይ ቢላ ድረስ ሄዶ ኤሱማ ደረሳን ለመናቸው። ሽማግሌው አልሰሙትም። «አንድ ዓመት ነው የቀረው። እዚህ ካደረስክ በኋላ ልጁን ሜዳ ላይ ልትጥለው ነው?» አሉት። ዋቅወያ ከእሳቸው ፈቃድ ወጥቶ አያውቅም፤ ያን ጊዜም አልወጣም። በዚያ መሀል ከኢዶሳ የሚመጡት ደብዳቤዎች እያጠሩ ሄዱ። በፊት አራት ገጽ ነበሩ፤ ሁለት ሆኑ፤ አንድ ሆኑ። ስለ አዮ መጠየቅም ቀረ። የመጨረሻዋ ላይ የነበረው ቃል «ደርሶኛል» የሚል ብቻ ነው።

በደብተሩ ውስጥ ደግሞ ለሊሳ የእናቱን ቃል ጀርባውን ሰጥቶ መስማት ጀምሮ ነበር። አንድ ቀን ጓደኞቹን «እናቴ ሞታለች» አላቸው። ይኸው ቃሏ፣ ትናንት እንኳ ሰላም ብላሃለች አሉት። «እናቴ ሞታ ሳለ ደህና ናት ካሉኝ፣ ደህና ናቸው የተባላችሁትም ሁሉ ሞተዋል» አላቸው ለሊሳ። «አገሩ ደህና ነው፣ ከተማው ደህና ነው፣ ምድር ደህና ናት ይሉናል። ምድር የለችም። ኮረብታ ላይ ቁጭ ብሎ የሚጽፍልን አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው።» ብርቄ መርፌዋን አስቀመጠች፤ ዳግመኛም አላነሣችም። አዛዡ ብሎኑን መቁጠር ተወ።

ዋቅወያ ያንን አንብቦ ደብተሩን ዘጋ። በሚቀጥለው ዓርብ ተማሪዎቹን የወንዞች ካርታ አስሳላቸው። «ጋሼ፣ ታሪኩስ?» ሲሉት አላለቀም አላቸው። እውነቱን ነው፤ ሊጨርሰው አልቻለም። ከጉቴ ጣቢያ ምን ዓይነት መልእክት ቢላክ ለሊሳ እንደሚያምን ስንት ቀን ሲያስብ ኖሮ አጣው። እናትህ በእርግጥ ሞታለች ብለው እውነቱን ቢልኩለት እንኳ፣ ያንንስ በምን ያምናል?

ኢዶሳ በ1963 ዓ.ም. ሐምሌ ተመለሰ። ዋቅወያ አውቶቡስ ጣቢያ ሄዶ ሲቀበለው መጀመሪያ አላወቀውም። የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ነው፤ ትከሻው ጎብጧል፤ ሲያዩት ዓይኑን ቶሎ ያሸሻል። «አዮ እንዴት ናት?» ብሎ አልጠየቀም። በማግስቱ ቢላ ድረስ አብረው ሲሄዱም መስኮት መስኮቱን ብቻ ያይ ነበር። ዋቅወያ መንገድ አድክሞት ነው አለ በልቡ።

በሦስተኛው ቀን ሊነጋጋ ሲል ዘመድ ተሰበሰበ። ሽማግሌዎች ከፊት፣ ሴቶች ከኋላ፤ ኢዶሳን የሚይዙት ሁለት ጎልማሶች ግራና ቀኝ ቆመዋል። ኤሱማ ደረሳ እግዚአብሔርን ጠሩ፤ ከዚያ ተናገሩ። ሴቶቹ ጩኸታቸውን ለቀቁት። ጎልማሶቹ ክንዱን ጨበጡት።

ኢዶሳ አልወደቀም። እጁን ኪሱ ከቶ «አውቃለሁ» አለ።

ጩኸቱ ቆመ። ለሦስት ዓመት የታመቀ ልቅሶ ነበርና ሰዉ የሚያደርገው ጠፋው። «የሰው ልጅ ነው ይሄ?» አለች አንዲት አክስት። «እዚያ አገር ምን አጠጥተው ላኩት?» አለ ሌላው። ኤሱማ ደረሳ ዱላቸውን ተደግፈው መሬት መሬት አዩ።

ረፋዱ ላይ ዋቅወያ ወንድሙን ከአጥሩ ሥር ብቻውን አገኘው።

«መቼ አወቅህ?»

«ጉልበቷ መታመሙን ሲተው።» ኢዶሳ በአማርኛ ነበር የሚናገረው፤ ከመጣ ወዲህ ከአፉ ኦሮምኛ አልወጣም። «ደብዳቤዎቹን ሁሉ አልጋዬ ላይ ዘረጋኋቸው። እሷ የት ላይ እንዳለቀችና አንተ የት ላይ እንደጀመርክ ፈለግሁ። መስከረም ይሆን ጥቅምት ይሆን እያልኩ። የሞተችበትን ቀን ሳላውቅ አለቀስኩላት፤ በሩን ዘግቼ፣ አከራዬ እንዳትሰማ አፌን በትራስ ይዤ። ስድስት ሳምንት ክፍል አልገባሁም። ከዚያ ጉልበቷን አመማት አልክ።»

ኢዶሳ ከአጥሩ ጭራሮ ሰብሮ ቀጠለ።

«ቁጭ ብላ ታየችኝ እኮ። አብጃለሁ፣ ሰይጣን ነው እንዲህ ያሳሰበኝ፣ ይኸው እናቴ አለች አልኩ። ጓደኞቼን ቢራ ጋበዝኩ። ሦስት ገጽ ጻፍኩላት። ለሁለት ሳምንት እናት ነበረችኝ። ከዚያ እንደገና ሳነበው፣ ‹አትጨነቅ› ብላኛለች። አዮ አንድ ቀን አትጨነቅ ብላን ታውቃለች? ተጨነቁልኝ አይደለም እንዴ የምትለን? አንድ ጊዜ እግዜር ገደላት። ሁለተኛውን አንተ ነህ።»

«ያዘንኩልህ መስሎኝ ነበር» አለ ዋቅወያ።

«አዝነህልኛል» አለ ኢዶሳ። «እሱን ሰው ሁሉ ያደርገዋል።»

ኢዶሳ ጊምቢ አካባቢ መንገድ ሥራ ላይ ተቀጠረ። ከሠራተኞቹ ጋር በድንኳን ይኖራል፤ ሥራውን በደንብ ይሠራል፤ ሰው የነገረውን ግን አያምንም ይባላል። ድልድዩ ተጠናቋል ሲሉት ሄዶ በእጁ ይነካዋል፤ ምሳ ደርሷል ሲሉት ድስቱን ከፍቶ ያያል። ዋቅወያ መጻፉን አልተወም። አሁን እውነቱን ብቻ፣ በተለይም መጥፎ መጥፎውን እየመረጠ ይጽፍለታል፤ የታመመውን፣ የተጣላውን፣ ቤቱ ያፈሰሰበትን። መልስ አይመጣም። ዳሩ ግን በ1965 ዓ.ም. ጥር ላይ ፈተና እያረመ፣ ቸኩሎ፣ አንዲት አጭር ደብዳቤ ጻፈለት። «እዚህ ሁላችን ደህና ነን። ድርቤም ደህና ናት፤ ሰላም ብላሃለች» ከሚል ሌላ ብዙም የለባትም።

ሁለት ሳምንት አልፎ፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ዋቅወያ ገበያ ድርቤ ቅቤዋን የምትሸጥበት ቦታ ቆሞ ሳለ ኢዶሳ ከጭነት መኪና ወርዶ በሰው መሀል መጣ። ፀጉሩን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል። ክንዱ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስሯል።

«የት ቀበራችኋት?» አለው።

«ማንን?»

«ድርቤን።»

ድርቤ ከቅቤው ላይ ቀና አለች። ወንድሟን ራሱን ተላጭቶ ስታየው ጮኻ ተጠመጠመችበት። ኢዶሳ እጁን አንሥቶ ፊቷን ዳሰሰ፤ ጉንጯን፣ ጆሮዋን፣ አገጯን፤ ድልድይ እንደሚነካው።

«ደህና ናት፣ ሰላም ብላሃለች ብለህ ጻፍክልኝ» አለ ለዋቅወያ።

«ደህና ስለሆነች ነዋ!»

«አዮንም እንዲሁ ነበር ያልከኝ። ወደፊትም ደህና ናት ካልከኝ ተላጭቼ እመጣለሁ። አንድ ቀን ልክ እሆናለሁ።»

የተላጨ ሰው ገበያ መሀል ቆሞ፣ እህቱ ተጠምጥማበት ስታለቅስ ማን ዝም ብሎ ያልፋል? ሻጮቹ ከየመደባቸው ተነሡ። አንዳንዶቹ መጥተው መሬት ተቀመጡ። «ዋቀዮ ያጽናችሁ» ይላሉ። ድርቤ እንባዋን እየጠረገች «ማንም አልሞተብንም፣ ኧረ ማንም አልሞተም» አለቻቸው። ይህን ስትል እርስ በርስ ተያዩ። ከጎኗ ጨው የምትሸጠው ወይዘሮ ሸዋጌጥ ዋቅወያን በክንዱ ይዛ ፈቀቅ አደረገችውና ወደ ጆሮው ተጠጋች።

«ለእሷ ገና አልነገራችኋትም?» አለችው በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

«ግዴለም፣ ከእኔ አይወጣም። ባሏ ነው አይደል? ባቻ ነው? መኪናው ተገልብጦበት ነው?»

የድርቤ ባል ባቻ ሾፌር ነው፤ ወደ አሶሳ እህል ጭኖ ከሄደ አምስት ቀኑ ነበር። ዋቅወያ «ኧረ አይደለም» ብሎ ዞር ሲል ድርቤ ትኩር ብላ እያየችው አገኛት። ሹክሹክታውን አይታለች።

«ምን አለችህ?»

«ምንም አላለችኝ።»

«ባቻ ነው?» ድምፏ ቀጠነ። «ኢዶሳን ከጊምቢ ያስመጣችሁት ለዚህ ነው? ንገረኝ፣ የእናቴ ልጅ።»

«ድርቤ፣ አምላክ ምስክሬ ነው፣ ማንም አልሞተም። ባቻ ደህና ነው።»

ይህን ሲል ኢዶሳ ሁለት እጁን የተላጨ ራሱ ላይ ጫነ። መሬት ላይ ወደቀ፤ በዚያች ጠዋት ቢላ ላይ ይጠበቅበት የነበረውን ጩኸት አሁን ጮኸው፤ በኦሮምኛ፣ የእህቱን ባል በስሙ እየጠራ። ሰዎች ሮጠው ያዙት። ዋቅወያ «ደህና ነው! ባቻ ደህና ነው!» እያለ በሰዉ መሀል ይጮኻል፤ የሚሰማው የለም። ድርቤ አንድ ጊዜ ወንድሟን፣ አንድ ጊዜ ዋቅወያን አየች። ከዚያ ሻሿን መፍታት ጀመረች።